በቤታችሁ አድራሻ የሚሰጠው ማን ነው?

እስቲ በቅድሚያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በቤታችሁ ዋይፋይ አለ፤ የወሩ ክፍያ ተከፍሏል፤ የራውተሩ መብራቶችም በርተዋል። ሆኖም የእናት ስልክ ሲሠራ የአባት ላፕቶፕ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም» ይላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የአባት ይሠራል፣ የእናት ይጠፋል። በዚህ ጊዜ በቤታችሁ የመጀመሪያው ንግግር ምንድን ነው? «ማነው የነካካው?» አይደለም?

በእኛም ቤት የተባለው ይኸው ነበር። በዚያች አንዲት ጥያቄ ምክንያት ደግሞ አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ተቀጣ። ዛሬ ስለ ራውተር ልጽፍላችሁ የተነሣሁት የኮምፒውተር ባለሙያ ስለ ሆንኩ አይደለም። በአንድ ቅዳሜ ማታ የሠራነውን ስሕተት እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓሮ ያለው ክፍል ዋይፋይ ስለማይደርሰው ሁለተኛ ራውተር ገዛን። ባለቤቴ ከሳሎኑ ራውተር እስከ ጓሮ ገመድ ዘረጋና አዲሱ ላይ ሰካው። መብራቱ በራ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ኢንተርኔቱ ለአንዱ እየሠራ ለሌላው እምቢ ይል ጀመር። ቅዳሜ ማታ ሴት ልጃችን የነፃ ትምህርት ማመልከቻዋን ልትልክ ተቀመጠች። ማመልከቻው የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። ላፕቶፑ ግን አልገናኝም አለ። የ15 ዓመቱ ወንድሟ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ ይጫወታል። አባቱ «መስመሩን የያዝከው አንተ ነህ፤ ዝጋው!» አለው። ልጁ ዘጋው። ላፕቶፑን አጥፍተን ስናበራው ሠራ! ማመልከቻውም ተላከ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ስልኩን ለአንድ ሳምንት ወሰድንበት። «አባዬ፣ እኔ እኮ ምንም አልነካሁም» አለ። ወደ እኔም ዞሮ ተመለከተኝ። እኔም ዝም አልኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ የልጁ ስልክ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ሳለ፣ ኢንተርኔቱ እንደገና ጠፋ።

ቁጥሩ የነገረን ነገር

በማግስቱ የኮምፒውተር ሥራ የሚያውቅ አንድ ወጣት ቤታችን መጣ። ምንም አልፈታም፣ ምንም አልነቀለም። የእኔንና የባለቤቴን ስልክ ተቀብሎ የዋይፋዩን ዝርዝር ከፈተና ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በእኔ ስልክ ላይ 192.168.1.7 ይላል። በባለቤቴ ስልክ ላይ 192.168.0.104 ይላል። «እትዬ፣ ቤታችሁ ውስጥ አድራሻ የሚሰጡ ሁለት ናቸው፤ ችግሩ ይኸው ነው» አለኝ።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ጤና ጣቢያ የሄዳችሁበትን ቀን አስታውሱ። በር ላይ አንድ ሠራተኛ ተራ ቁጥር ይሰጣችኋል። 7 ቁጥር የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነው። ታክሞ ሲወጣ ቁጥሩ ይመለሳል፤ ለሌላ ይሰጣል። አሁን ደግሞ በሌላኛው በር ሁለተኛ ሠራተኛ ቆሞ፣ ከመጀመሪያው ጋር ሳይነጋገር፣ የራሱን ቁጥር ቢያድል ምን ይሆናል? አንዳንዱ ታማሚ ያልተከፈተ ክፍል በር ላይ ቆሞ ይውላል። ታማሚው አላጠፋም፤ ሐኪሙም አላጠፋም።

በቤታችንም የሆነው ይህ ነው። የሳሎኑ ራውተር ቁጥር ያድላል፤ የጓሮውም ያድላል። ከሳሎኑ ቁጥር የደረሰው ኢንተርኔት ያገኛል። ከጓሮው የደረሰው ደግሞ «መውጫው በእኔ በኩል ነው» ተብሎ ይነገረዋል፤ የጓሮው ራውተር ግን በራሱ ወደ ውጭ የሚያወጣ መስመር የለውም። መሣሪያው ጠፍቶ ሲበራ አንዳንዴ ትክክለኛው ሰጪ ቀድሞ ይመልስለታል። የላፕቶፑ መሥራት ከልጃችን ስልክ ጋር የተገጣጠመው እንዲሁ በአጋጣሚ ነበር።

ለመሆኑ አድራሻው የሚሰጠው እንዴት ነው?

በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ፣ ስልክም ይሁን ቴሌቪዥን ወይም ፕሪንተር፣ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ያስፈልገዋል። የተለመደው አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በዚህ መንገድ በዓለም ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች ወደ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ይህ አልበቃም፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለየአህጉሩ የሚታደለው ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አልቋል። ደግነቱ ለቤትና ለቢሮ ውስጥ አገልግሎት ብቻ የሚሆኑ ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ ተለይተው ተቀምጠዋል። በ192.168 የሚጀምሩት ከእነዚህ ናቸው። ስለዚህ የእናንተም የጎረቤታችሁም ራውተር 192.168.1.1 ቢሆን አይጋጩም። የቤት ቁጥር 12 በየቀበሌው እንዳለ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር በራሱ የሚያድለው አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል። በራውተራችሁ ገጽ ላይ ዲ፣ ኤች፣ ሲ፣ ፒ የሚሉትን አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ታያላችሁ። አሠራሩ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ራልፍ ድሮምስ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ያዘጋጀው የ1997ቱ ደንብ እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት መሠረት ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ ቁጥሩን በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ በእጅ መጻፍ ግድ ነበር።

ንግግሩ አራት ቃላት ብቻ ነው። አዲስ ስልክ ወደ ቤት ሲገባ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን አለ?» ብሎ ይጣራል። ራውተሩ «እኔ አለሁ፤ 192.168.1.105ን ልስጥህ» ይላል። ስልኩ «እሺ፣ እሱን እወስዳለሁ» ይላል። ራውተሩም «ጸድቋል፤ ለ24 ሰዓት ያንተ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። ከአድራሻው ጋር የቤቱን ክልል ወሰን፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን በርና የድረ ገጾችን ስም ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን አገልጋይ አድራሻ አብሮ ይሰጠዋል። ልብ በሉ! ስልኩ «ማን አለ?» ሲል የሚጠራው አንድን የሚያውቀውን ሰጪ አይደለም፤ ለሁሉም ነው የሚጣራው። ብዙ ጊዜም መጀመሪያ የመለሰለትን ያምናል። ለዚህ ነው በአንድ ቤት ሁለት ሰጪ ሲኖር ጭቅጭቅ የሚነሣው።

እናንተም ልታስተካክሉት ትችላላችሁ

እህቶቼ፣ ይህን ክፍል «ይህማ የወንዶች ሥራ ነው» ብላችሁ አትዝለሉት። እኔ ራሴ ወንበር ስቤ፣ መነጽሬን አድርጌ የሠራሁት ነው። ከሁሉ በፊት በቤት ውስጥ ማንም አስቸኳይ ሥራ የሌለበትን ሰዓት ምረጡ። እያንዳንዱን ገጽ ከመቀየራችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት። ከተሳሳታችሁ ወደ ነበረበት መመለስ ትችላላችሁ።

1. የራውተሩን አድራሻ እወቁ። በስልካችሁ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ የተገናኛችሁበትን ስም ንኩት። «ጌትዌይ» ወይም «ራውተር» ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር ነው። በብዙ ቤት 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ይሆናል።

2. የራውተሩን ገጽ ክፈቱ። ቁጥሩን የድረ ገጽ አድራሻ በሚጻፍበት ሣጥን ውስጥ ጻፉት። ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ ዳታውን ለጊዜው አጥፉት፤ አለዚያ በዳታው በኩል ሊሄድና ገጹን ሊያጣው ይችላል። መግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ይህ ቃል ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተለየ ነው። ከገባችሁ በኋላ ቀይሩትና በደብተር ጻፉት።

3. «ላን» ወይም «ኔትወርክ» በሚለው ክፍል ውስጥ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን ፈልጉ። መብራቱን ወይም ምልክቱን «ይሥራ» በሚለው ላይ አድርጉት።

4. የሚታደሉትን ቁጥሮች ወሰን ስጡ። መጀመሪያውን 192.168.1.100፣ መጨረሻውን 192.168.1.199 ብትሉ 100 አድራሻዎች ይኖሯችኋል። ራውተሩ ራሱ በ1 ላይ ስላለ ከወሰኑ ውጭ ነው። ከ2 እስከ 99 ያሉት ደግሞ ቋሚ ቁጥር ለሚያስፈልጋቸው ይቆያሉ። የራውተራችሁ አድራሻ 192.168.0.1 ከሆነ ሦስተኛውን ቁጥር በዚያው ልክ 0 አድርጉት።

ይህ ወሰን ጠባብ ከሆነ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ወሰኑ 10 አድራሻ ብቻ ቢሆንና በቤታችሁ 8 መሣሪያዎች ቢኖሩ፣ በቤት ኅብረት ቀን ከሚመጡት እንግዶች ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ሦስተኛው «አልሠራም አለኝ» ይላል። ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን ቁጥሩ ማለቁ ነው።

5. የቆይታውን ጊዜ ወስኑ። አንድ መሣሪያ ቁጥሩን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ለተለመደ ቤት 24 ሰዓት ይበቃል። አንዳንዱ ራውተር በደቂቃ ስለሚጠይቅ 1440 ብላችሁ ጻፉ፤ በሰከንድ ከሆነ 86400 ነው። እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ግን 2 ሰዓት ቢሆን፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ቁጥሮቹ ቶሎ ይመለሳሉ። አትስጉ፣ በቤት ያሉት አይቋረጡም፤ መሣሪያው ጊዜው ሲጋመስ ራሱ ያሳድሳል።

6. ለፕሪንተሩ ቋሚ ቦታ ስጡት። ላፕቶፑ ፕሪንተሩን የሚፈልገው ብዙ ጊዜ በቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ከተቀየረ «ፕሪንተሩ አልተገኘም» ይላል። መፍትሔው በራውተሩ ላይ አድራሻ ማስያዝ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ማክ አድራሻ የሚባል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አለው። በራውተሩ ዝርዝር ውስጥ የፕሪንተሩን መለያ ፈልጋችሁ ለምሳሌ ከ192.168.1.20 ጋር አያይዙት። አንዳንድ ራውተር የሚያዘው ቁጥር ከወሰኑ ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል፤ እንዲያ ካለ 192.168.1.150 በሉት። በስልኮች ላይ ግን አንድ ነገር እወቁ፤ አንድሮይድ ከ10ኛው እትም፣ አይፎን ከ14ኛው እትም ጀምሮ እውነተኛውን መለያ ደብቀው ሌላ ያሳያሉ። ስለዚህ በዝርዝሩ ያለው በስልኩ ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው ጋር ባይመሳሰል አትደንግጡ፤ ልጁንም አትጠርጥሩት።

7. አስቀምጡትና ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት። ከዚያ በየስልኩ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩ፤ አዲሱን ቁጥር ይወስዳሉ።

ሁለተኛ ራውተር ካላችሁ

ቤታችንን ያመሰው ይህ ስለሆነ ቆም ብላችሁ አንብቡት። ሁለተኛው ራውተር የሚያስፈልገው ዋይፋዩን ራቅ አድርጎ ለማድረስ ብቻ ከሆነ፣ አድራሻ መስጠት የእርሱ ሥራ አይደለም። በመጀመሪያ ከዋናው ጋር ሳታገናኙት ለብቻው ገጹን ክፈቱ። የራሱን አድራሻ 192.168.1.2 አድርጉት፤ ይህ ከዋናው ጋር በአንድ ክልል ውስጥ ነው፤ ከሚታደለው ወሰን ግን ውጭ ነው። ቀጥሎ ዲኤችሲፒውን አጥፉና አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ከዋናው ራውተር «ላን» ቀዳዳ የሚመጣውን ገመድ በሁለተኛውም «ላን» ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ብዙ ጊዜ በቀለም የተለየው ቀዳዳ «ዋን» ስለሆነ እርሱን ተዉት። «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ ያለው ራውተር ከሆነ ደግሞ ያንን መምረጥ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያደርግላችኋል፤ ገመዱ የቱ ላይ እንደሚሰካ የራውተሩን መመሪያ ተመልከቱ።

ምልክቶቹን ማንበብ

ከመቆጣት በፊት ቁጥሩን ተመልከቱ። ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ መሣሪያው «ማን አለ?» ብሎ ጠርቶ የመለሰለት አላገኘም ማለት ነው፤ ዲኤችሲፒው ጠፍቶ፣ ቁጥሩ አልቆ ወይም ገመዱ ላልቶ ይሆናል። «የአድራሻ ግጭት» የሚል መልእክት ከመጣ አንዱ መሣሪያ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ ካለ ወደ «በራሱ ይውሰድ» መልሱት። የአንዳንዱ ቁጥር ከሌላው በሦስተኛው ስፍራ የሚለይ ከሆነ ሁለተኛ ሰጪ ፈልጉ። ሁሉም ትክክለኛ ቁጥር ይዘው ሁሉም ኢንተርኔት ካጡ ግን ችግሩ ከቤት ውጭ ሊሆን ስለሚችል ወደ አገልግሎት ሰጪው ደውሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭናችሁ ሁሉን ለመሰረዝ አትቸኩሉ። የመስመሩ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በራውተሩ ውስጥ የተጻፈ ከሆነ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። እነዚህን በወረቀት ሳትይዙ አትንኩት።

ዝርዝሩ ዓይን እንጂ ቁልፍ አይደለም

ዲኤችሲፒውን ስታስተካክሉ በቤታችሁ አድራሻ የተቀበሉትን መሣሪያዎች ዝርዝር ታያላችሁ። እኔ ስቆጥር 17 ሆኑብኝ! ሁለቱ የማናውቃቸው ነበሩ። ለካስ የይለፍ ቃላችንን ለብዙ ሰው ሰጥተን ኖሯል። ቀየርነው። ነገር ግን አድራሻ መከልከል ጥበቃ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን በእጁ ጽፎ ሊገባ ይችላል። በሩን የሚዘጋው ጠንካራ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ነው።

ደግሞም ይህ ዝርዝር የትዳር ጓደኛን ወይም ልጅን መሰለያ አይሁን። ማን እንደተገናኘ ያሳያል እንጂ የሰውን ልብ አያሳይም። ልጃችሁ ሌሊት ስልክ መያዙ ካሳሰባችሁ አስጠርታችሁ አነጋግሩት፤ ሰዓት አብራችሁ ወስኑ።

የቀረው ዕዳ

ራውተሩን ለማስተካከል 20 ደቂቃ ፈጀ። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። እኔና ባለቤቴ በመኝታ ክፍላችን ተቀመጥን። እርሱ «እኔ ነኝ ገመዱን የሰካሁት» አለ። እኔ ደግሞ «እኔም ልጁ ሲያየኝ ዝም ብያለሁ» አልኩ። ቁም ሣጥኑን ከፍተን ስልኩን አወጣንና ወደ ልጃችን ክፍል አብረን ሄድን። አባቱ «ልጄ፣ ያለ ጥፋትህ ቀጥተንሃል፤ ይቅርታ አድርግልን» አለው። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ አልጋው ላይ አስቀመጠው። «ስልኩ አይደለም ያናደደኝ። እውነቴን ስናገር ማንም አለመስማቱ ነው» አለ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ዛሬ የራውተሩ ቁጥሮችና የይለፍ ቃላት የተጻፉበት ወረቀት ከቤት ሰነዶች ጋር በአንድ ክላሰር ውስጥ ይገኛል። እኔም ባለቤቴም ቦታውን እናውቃለን። የሚቀይር ሰው ካለ ከመቀየሩ በፊት ለሌላው ይነግራል፤ ቀኑንም ይጽፋል። ኢንተርኔቱ አሁንም አልፎ አልፎ ይጠፋል። ሲጠፋ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ማነው የነካካው?» መሆኑ ቀርቷል። ያ ልጅ ራሱ ስልኩን ያወጣና «ቆዩ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው» ይለናል።

ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተነጋገሩበት

• የራውተራችሁን መግቢያ የይለፍ ቃል የሚያውቀው ማን ነው? አንዳችሁ በሌላችሁበት ቀን ሌላው ምን ያደርጋል?

• በቤታችሁ ስንት መሣሪያ አለ? ዛሬ ማታ አብራችሁ ቁጠሩና በራውተሩ ዝርዝር ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።

• በቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ቶሎ የምትጠረጥሩት ማንን ነው? ይቅርታ ያልጠየቃችሁት ልጅ ይኖር ይሆን?